ሄፓታይተስ ቢ እና የጉበት ጠባሳ

ጉበትን የሚያጠቃው የቫይረስ በሽታ፣ ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ፣ እንዳለበት የተነገረው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «ስንት ዓመት እኖራለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ቫይረሱ በደሜ ውስጥ መኖሩን ሳውቅ እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። መልሱን ለማግኘት ግን የቫይረሱን መኖር ማወቅ አይበቃም፤ ጉበቱ ምን ያህል ጠባሳ እንደያዘና ጉዳቱ በምን ፍጥነት እየገፋ እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ጠባሳው ሲሮሲስ የሚባለው ደረጃ ላይ ቢደርስ እንኳ ጉበቱ ሥራውን መሥራት እስካላቃተው ድረስ አብዛኞቹ ሕሙማን ከአምስት ዓመት በላይ ይኖራሉ። ሆድ ውኃ መቋጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ደም ማስታወክ ወይም መቃዠት ከመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ እዚህ ደርሰው የፀረ-ቫይረስ ሕክምና ካላገኙ ሰዎች መካከል አምስት ዓመት የሚቆዩት ከ14 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት ብቻ እንደሆኑ ተመዝግቧል።

ችግሩ ጉበት እስከዚያ ድረስ ምንም ሳያሳምም መቆየቱ ነው። ብዙ ሰው ኤኤልቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም «ኖርማል ነው» ሲባል የላቦራቶሪውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ይከታል። እኔ በበኩሌ መጀመሪያ የምመለከተው ደም እንዲረጋ የሚረዱትን ጥቃቅን የደም ክፍሎች፣ የፕሌትሌትን ቁጥር ነው። ጠባሳው በጉበት ውስጥ የሚያልፈውን ደም ሲያግደው ግፊቱ ወደ ጣፊያ ይመለሳል፤ ጣፊያውም አብጦ ፕሌትሌቶችን ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ 250,000 የነበረው ቁጥር ከዓመት ዓመት እየወረደ 120,000 ከደረሰ፣ ኤኤልቲው የቱንም ያህል ቢያምር ጉበቱ ደህና ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ኤኤስቲ ከተባለው ሌላ የጉበት ኢንዛይምና ከፕሌትሌት የሚሰላው አፕሪ የተባለው መለኪያም የሚሠራው በዚሁ መነሻ ነው።

ዕድሜ፣ ወንድ መሆን፣ በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ ስኳር በሽታ፣ በቤተሰብ ውስጥ የጉበት ካንሰር መኖሩ፣ እንዲሁም ኤችአይቪ ወይም ሄፓታይተስ ዲ ተደርቦ መገኘቱ አደጋውን ይጨምራሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በእጃችን አይደሉም፤ አልኮል ግን በእጃችን ነው፣ በእኔ አስተያየትም የተጎዳ ጉበት ላለው ሰው «ትንሽ ብቻ» የሚባል መጠጥ የለም።

ቴኖፎቪርና ኢንቴካቪር የተባሉት የፀረ-ቫይረስ መድኃኒቶች ቫይረሱን ከጉበት ሴሎች ነቅለው ባያወጡትም እንዳይራባ ያፍኑታል፤ ለዓመታት በአግባቡ ሲወሰዱም ጠባሳው ራሱ ሊቀንስ ይችላል። ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ በአንጻሩ ቫይረሱ በድንገት እንዲያገረሽና ጉበቱ ከሥራ ውጪ እንዲሆን ሊያደርግ ይችላል።

መድኃኒቱ የካንሰርን አደጋ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ሲሮሲስ ያለበት ሰው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ እንዲነሣ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ዕጢው 2 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ወይም በሙቀት ሊቃጠል ይችላል፤ ሕመም ሲሰማው ብቻ የሚመጣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ምርጫ አያገኝም።