የወንድሜ ካልሲና አንድ ሥር

ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ካለበት ዓመታት ተቆጠሩ። የሚሰማቸውን ድምፆች መድኃኒቱ ጸጥ አድርጎለታል። ዝምታው ግን አልለቀቀውም። ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ካልሲ በእጁ ይዞ፣ ግማሽ ሰዓት ይቆያል።

ለዚህ ነው በሕንድ ባህላዊ ሕክምና ስለሚታወቀው አሽዋጋንዳ ስለተባለ ተክል ሥር ሳነብ የጓጓሁት። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት በአሜሪካ የፒትስበርግ ተመራማሪዎች ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 68 ታማሚዎችን ይዘው ሞክረውታል። ለ12 ሳምንት ግማሾቹ በቀን 1,000 ሚሊግራም የሥሩን ተዋፅኦ፣ ሌሎቹ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። ዋናው መድኃኒት ሳይቋረጥ ነው ታዲያ! ይሄን ደግሜ ደጋግሜ እናገራለሁ።

ድምፅ መስማትን በመሳሰሉት ምልክቶች ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። የተሻሻለው ጭንቀቱ፣ ዝምታውና መፍዘዙ ነው። እኔን የያዘኝም ይሄው ነው። ግን 68 ሰው ትንሽ ነው፤ 12 ሳምንትም አጭር ነው።

አንድ ጠርሙስ አሽዋጋንዳ ገዝቼ ለሐኪሙ አሳየሁት። ሥሩ ጉበትንም የእንቅርት ዕጢንም ሊነካ እንደሚችል ነገረኝ። እንቅልፍ ከሚያመጣው መድኃኒቱ ጋር ሲደመር ደግሞ ሊያደክመው ይችላል። "መጀመሪያ የደም ምርመራ" አለ። ወንድሜን ጠየቅኩት። "እሺ፣ እንሞክር" አለኝ።

ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ጠርሙሱ እስካሁን አልተከፈተም።