ከረጅሙ ክፍተት በኋላ

በደሴ በኩላሊት እጥበት ክፍል በነርስነት ስሠራ አብዝቼ የምጠነቀቅበት ቀን፣ ታካሚዎች በሁለት እጥበቶች መካከል ካለው ረጅሙ ክፍተት የሚመለሱበት ነው። በሳምንት 3 ጊዜ የሚታጠብ ሰው እንኳ አንዱ ክፍተቱ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ወጪው ከብዶት 2 ጊዜ ብቻ የሚመጣው ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት ሞትና በልብ ሕመም ሆስፒታል መግባት ከረጅሙ ክፍተት በኋላ ባለው ቀን እንደሚጨምሩ አሳይቷል።

ጤነኛ ኩላሊት ከምግብ ወደ ደም የሚገባውን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ገደማ ያቆየዋል። ኩላሊት ሲደክም ግን ፖታሲየሙ ይከማቻል፣ የልብን ኤሌክትሪክም ያዛባል፤ የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው የኢሲጂ ምርመራ ወረቀት ላይ ቲ የሚባለው ሞገድ ሾጥጦ ይቆማል፣ ሲብስም የምቱ መስመር እየሰፋ ይሄዳል። የሚያስፈራኝ ሰውየው ምንም ላይሰማው መቻሉ ነው። ከሐይቅ በኩል የሚመጡ አንዲት እናት በረመዳን ፖታሲየም በበዛበት ቴምር አፍጥረው ሰንብተው፣ «ልጄ፣ እግሬ ዛለብኝ እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም» አሉኝ፤ ኢሲጂያቸው ግን ሌላ ይናገር ነበር። ሐኪሙ መጀመሪያ ካልሲየም አዘዘ። ካልሲየም ፖታሲየሙን አይቀንሰውም፤ እጥበቱ እስኪጀመር ድረስ ግን ልብን ያረጋጋል።

ይሁን እንጂ ኢሲጂው ደህና መስሎ ፖታሲየሙ ከፍ ያለበት ጊዜ ስላለ የደም ምርመራውን አይተካም። ፖታሲየሙን በኃይል መጎተትም መፍትሔ አይደለም። ፖታሲየሙ እጅግ አነስተኛ በሆነ የእጥበት ፈሳሽ በፍጥነት ሲወጣ፣ የልብ ጡንቻ ዳግም ለመምታት የሚዘጋጅበት ጊዜ ሊረዝምና አደገኛ የምት መዛባት ሊከተል ይችላል። በደም ግፊት ብዛት ልባቸው የወፈረባቸው ታካሚዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ እነርሱም ብዙዎች ናቸው።

ስለ ምግብ ለቤተሰብ ስናገር እጠነቀቃለሁ፤ ወሎ ውስጥ ለታመመ ሰው ፖታሲየም የበዛባቸውን ሙዝና ብርቱካን ይዞ መጠየቅ የፍቅር ምልክት ነውና። ፖታሲየሙ እንዲቀንስ ድንቹ ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ውኃው ይደፋ እላቸዋለሁ፤ ቴምሩ በሐኪም ምክር ይሁን፤ መንገድ ቢዘጋ ወይም ቀኑ ቢያልፍ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ይደውሉልን። ኢሲጂው ከሌላ ክፍል ተለምኖ የሚመጣበት አሠራር ግን ያሳዝነኛል። ማሽኑ እዚያው አልጋው አጠገብ እንዲቆም፣ ከረጅሙ ክፍተት የመጣ ታካሚም ኢሲጂ ሳይነሣለት እንዳይታጠብ ጠይቄ ጽፌአለሁ።