ነጥቧን የበላው ሣጥን

ኮምቦልቻ ላለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የሽያጭ ፕሮግራም ሠራሁ። በደብሊው ፒ ኤፍ፣ በማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ፕሮግራም መሥሪያ ነው። ደሴ ፒያሳ፣ ክፍሌ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ስሞክረው እንከን አልነበረውም።

የተለመደውን ቶሎ ልበለው። ዳታ ባይንዲንግ፣ ማለትም የስክሪኑን ሣጥን ከውስጥ ካለው መረጃ ጋር የሚያስረው ገመድ፣ ሲበላሽ አይጮህም፤ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ዝም ይላል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ላይ የአውትፑት መስኮቱን ክፈቱ። «ስህተት 40» ካያችሁ ወይ ስሙን አሳስታችኋል፣ ወይ ፕሮፐርቲ መሆን ያለበትን ባይንዲንግ የማያየው ተራ ፊልድ አድርጋችሁታል። አዲስ ዕቃ ስትጨምሩ ዝርዝሩ ካልታደሰ ሊስቱን ለውጡን ራሱ በሚያሳውቀው በኦብዘርቫብል ኮሌክሽን ቀይሩት። የእኔ ጣጣ ግን አውትፑት ላይ አንዲት መስመር አልነበረውም።

ገንዘብ ያዥዋ ደወለች። ማታ ከደብተሯ ጋር ስታመሳክር 12 ብላ የጻፈችው 1 ሆኖ ተመዝግቧል። «ሳትጽፊው ቀርተሽ ይሆናል» አልኳት። በማግስቱም ደወለች። «እህቴ፣ አስተውለሽ ጻፊ» አልኳት። ይህን ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል። በሦስተኛው ቀን የደወሉት የመደብሩ ባለቤት ሐጂ ራሳቸው ናቸው። ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ከኋላዋ ቆሜ አየሁ። 12 ጻፈች፤ ማውሱን አንስታ ቱልባሩ ላይ ያለውን የሴቭ ቁልፍ ተጫነች። እኔ ሁልጊዜ ታብ እጫናለሁ። ልዩነታችን ይህ ብቻ ነበር! ቴክስትቦክስ፣ ማለትም የመጻፊያው ሣጥን፣ የተጻፈበትን ለፕሮግራሙ የሚያስረክበው፣ ሌላ ካላዘዙት፣ ፎከስ ሲለቅ፣ ማለትም ተራው ወደ ሌላ ሣጥን ሲያልፍ ነው። ቱልባር ደግሞ የራሱ የፎከስ ክልል አለው፤ ቁልፉ ሲጫን ሣጥኑ ፎከሱን አይለቅም። 12ቷ ስክሪኑ ላይ ቀረች፤ የተመዘገበው ከመጻፏ በፊት የነበረው 1 ነው።

እዚያው፣ ሣጥኑ መቼ እንደሚያስረክብ የሚወስነውን አፕዴት ሶርስ ትሪገር ፕሮፐርቲ ቼንጅድ፣ ማለትም በየፊደሉ፣ አደረግሁት። የማይክሮሶፍት መመሪያም እየተጻፈ እንዲታደስ ለፈለገ ይህንኑ ይላል። ሻይ ተጋብዤ፣ ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

በማግስቱ 2.5 ኪሎ ምስማር 25 ሆነ።

ከዶትኔት 4.5 ወዲህ፣ ሣጥኑ ከቁጥር ፕሮፐርቲ ጋር ታስሮ በየፊደሉ ሲታደስ፣ «2.» የሚለውን ወዲያው 2 ብሎ መልሶ ይጽፈዋል። ነጥቧ ትበላለች። ከማስረከቡ በፊት ትንሽ እንዲጠብቅ ዲሌይ 500 ሚሊሰከንድ ጨመርኩ። እኔ ስጽፍ ሠራ። እሷ ግን ነጥቡን ተጭና ቀና ብላ ሚዛኑን ታያለች። ስትመለስ ነጥቧ የለችም።

ሁሉንም አፈረስኩት። ነባሩ ሎስት ፎከስ ይቆይ፤ የሴቭ ቁልፉ ከመመዝገቡ በፊት የሣጥኑን ባይንዲንግ ይዞ «አሁኑኑ አስረክብ» የሚለውን ትእዛዝ፣ አፕዴት ሶርስን፣ ይጥራ። ሦስት መስመር ኮድ ነው። ኤምቪቪኤም የሚባለውን፣ ስክሪኑንና ሥራውን የሚለያይ የአሠራር ስልት የሚያመልኩ ሰዎች ኮድ ቢሃይንድ፣ ማለትም ከመስኮቱ ጀርባ በቀጥታ የሚጻፍ ኮድ፣ ነውር ነው ይላሉ። ይበሉ! ሐረጎን ሦስቴ የተመላለስኩት እኔ ነኝ።

ሐጂ አልተቆጡኝም። «አብሽር ልጄ፣ ምስማሩ መጋዘን አለ፤ የጎደለው ኮምፒውተርህ ላይ ነው» አሉኝ።

ገንዘብ ያዥዋን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ደብተሯ ግን አሁንም ከኮምፒውተሩ ጎን አለ። አንሺው ለማለት አፌን አልሞላሁም።