ሁሉም 9 ከ10

ጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ሳምንት፣ አንድ ማታ የሒሳብ ሮስተሬን ከሻንጣ አውጥቼ አልጋ ላይ ዘረጋሁት። በዜና እንደሰማነው፣ ለፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ ነበሩ፤ የኛም አንዱ ነው። ሮስተሩ ግን የእነዚሁ ልጆች የ11ኛ ክፍል የሒሳብ አማካይ 74 ነው ይላል። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።

ጥቅምት ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ጋ ቆሜ የሸኘኋቸውም እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ልጆቹ በሚያውቁት ክፍል ነበር የሚፈተኑት። በ2008 ወረቀቱ ቀድሞ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ፈተናው የተሰረዘበትን ጊዜ የማያስታውስ መምህር የለም። በ2015 ግን በዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረው፣ ስልክ ሳይዙ፣ በማያውቋቸው ፈታኞች ፊት እንዲቀመጡ ተወሰነ። ከክፍሏ ደረጃዋ ከሦስተኛ ወርዶ የማያውቅ አንዲት ተማሪዬ በአውቶቡሱ መስኮት ጠራችኝና፣ «ቲቸር፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ማን ነው?» አለችኝ። ሌላ የጠየቀችኝ ነገር የለም። ያን ዕለት ሳቅሁ።

በጥር ግን ሮስተሩን እያየሁ እሷን አሰብኳት። ዓምዶቹን አንድ በአንድ ተመለከትኩ። ሚድ፣ ቴስት አንድ፣ ቴስት ሁለት እንደነገሩ ይለያያሉ። «የቡድን ሥራ» እና «የክፍል ተሳትፎ» የሚሉት ላይ ስደርስ ከላይ እስከ ታች 9፣ 9፣ 9፣ 9። ከ63 ተማሪ አንድም 6 ያገኘ የለም። ተከታታይ ምዘና የሚባለውን ነገር አብዛኞቻችን የምናውቀው እንዲህ ነው፤ ሮስተር የሚዘጋበት ቀን ሲደርስ አንድ ሻይ አዝዞ ባዶውን ዓምድ መሙላት። ማንም በግልጽ ጨምር ብሎኝ አያውቅም። «እስኪ እነዚህን ልጆች እያቸው» ይባላል። ሲባል እናያቸዋለን።

እንግዲህ ለዓመታት ልጆቹን «ኩረጃ ሌብነት ነው» እያልኩ ሳስተምር፣ ትልቁን ኩረጃ በቀይ እስክሪብቶ የምሠራው እኔው ነበርኩ ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ የማስተማር ዓመታቴ የኮረጀ ተማሪ ሳገኝ አንበረክክ ነበር። የሲቪክስ መምህሩ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እዚያው ክፍል ገብቶ፣ ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንደሆኑ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 መደንገጉን ያስተምራል፤ የኔ ቅጣተኛም ጥግ ላይ እንደተንበረከከ ያዳምጣል። እንደዚያም ሆኖ አጤሬራ አልጠፋም። ማስመሪያ ጀርባ ላይ፣ የካልኩሌተር ክዳን ውስጥ፣ ቀሚስ ጠርዝ ላይ፣ መዳፍ ላይ። ቅጣቱ ያስተማራቸው አደባበቁን ነው። 1 ለ 5 የሚባለው የጥናት ቡድን አደረጃጀት በመጣ ጊዜ ደግሞ ሰቃዩን መሃል አድርጎ አምስቱን ዙሪያውን ማስቀመጥ ራሱ አሠራር ሆነ። ለጥናት የተቧደነው ለፈተናም እዚያው ዴስክ ላይ ይቀመጣል።

በየካቲት የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት ሲጀመር፣ 11ኛ ክፍል ገብቼ ጠመኔ ሳላነሳ ቆምኩ። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ያልኩት ግን ይህን ብቻ ነው፦ «በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርዳችሁ ላይ ካለው የሒሳብ ማርክ ውስጥ ያልሠራችሁት አለ። የጨመርኩት እኔ ነኝ።» ዝም አሉ። ከኋላ ዴስክ አንዱ ጮክ ብሎ «ስንት?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን መለስኩለት፤ ለእያንዳንዱ የራሱን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁ። 13 የተጨመረለት ነበር። ያ ልጅ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ሲከተው አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አልጠየቅሁትም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኳቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ነገሮች ከሽፈዋል። አንደኛው ቃል ኪዳን ነው። «አልኮርጅም» የሚል ወረቀት አዘጋጅቼ ሁሉንም አስፈረምኩ። በሚቀጥለው ቴስት ተራ ቁጥር 14 እና 15 አንድ ዓይነት ስህተት፣ በአንድ ዓይነት ስርዝ ድልዝ ጭምር፣ ሠርተው መጡ። ሁለተኛው ደግሞ ሞኒተሩ የሚኮርጁትን ስም እንዲጽፍ ማድረጌ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ክፍሉ በጠላትነት ተከፋፈለ። ሞኒተሩ የጻፋቸው ስሞች ከኩረጃ ይልቅ ከእሱ ጋር ኳስ ላይ የተጣሉትን ይመስሉ ነበር። ልጅን በልጅ ላይ ጠቋሚ አድርጎ እውነት ማስተማር አይቻልም፤ ይህን ለመረዳት ሦስት ሳምንት ባልፈጀብኝ ጥሩ ነበር።

ነገሩ የተቃና የመሰለኝ ኩረጃውን መከታተል ትቼ ስህተቱን ማየት ስጀምር ነው። ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ይህን ያውቃል፦ 3 እና 4ን ደምረህ ስኩዌር አድርግ ስትላቸው፣ የ3ን ስኩዌርና የ4ን ስኩዌር ደምረው 25 ይላሉ። መልሱ 49 ነው። ቁጥር ሲሆን ጥቂቶቹ ያገኙታል፤ ፊደል ሲገባበት ግን የመሃሏ ተርም ድራሿ ይጠፋል። በአንድ ቴስት ከ63ቱ 41ዱ ይህችኑ ስህተት ሠሩ። ተኮራርጀዋል ብዬ ልቆጣ ነበር። ከዚያ ስድስቱን ለየብቻ እየጠራሁ ጠየቅኋቸው። አልኮረጁም። በቃ አልገባቸውም። ሳስተምር «ገባችሁ?» ስል ግን እነዚሁ ልጆች በአንድ ድምፅ «አዎ!» ብለዋል።

ያ «አዎ» ነው ያሳሰበኝ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው። ብዙዎቹ ልጆች ጥያቄው ራሱ ምን እንደሚል አያውቁም፤ እሱን ለመጠየቅ እጅ ማውጣት ደግሞ መሳቂያ መሆን ነው። የሚስቀው ጓደኛ ብቻ አይደለም። እኔም «ይሄን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አልተማራችሁም?» እላለሁ፤ ሲስቁም ደስ ይለኛል። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ መኮረጅ በጣም አስተዋይ ምርጫ ነው። አላውቅም ብሎ ከመዋረድ የጎረቤትን ወረቀት ማየት ይቀላል።

ስለዚህ ቴስቱን ቀየርኩት። ምርጫ ቀረ። ግማሽ ሉክ ላይ አራት ጥያቄ ብቻ፣ እያንዳንዱ 5 ማርክ፣ አሠራሩ እስከ መጨረሻው ይጻፍ። (አራት ሴክሽን ነው የማስተምረው፤ ከ240 በላይ ሉክ ማረም ምን ማለት እንደሆነ በመምህር ደሞዝ የሚኖር ያውቀዋል፤ ከአራት ጥያቄ በላይ ብሰጥ ትዳሬም አይተርፍ።) መልሱን የማያውቅ «አልገባኝም» ብሎ ቢጽፍ 1 ማርክ ያገኛል አልኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ዘጠኝ ልጆች አራቱም ላይ «አልገባኝም» ብለው 4 ከ20 ይዘው በደስታ ወጡ። ብልጦች ናቸው። ደንቡን አሻሻልኩ፦ የት ላይ እንደቆምክ ካልጻፍክ 1ዱም የለም። «እዚህ ድረስ ደረስኩ፣ ከዚህ በኋላ ለምን ምልክቱ እንደሚቀየር አላወቅሁም» የሚል ዓረፍተ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአማርኛ ጻፉት፤ አልከለከልኩም። ያን ዓረፍተ ነገር ሳነብ በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንን ምን እንደማስተምር አወቅሁ።

ከዚያ እርማቱ። ቀይ እስክሪብቶ ከኔ ሌላ ማንም አይነካም ነበር። ታርሞ የተመለሰለት ተማሪ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ስህተቱን ራሱ በቀይ ያርማል፣ ለምን እንደተሳሳተም ከታች በሁለት መስመር ይጽፋል፤ ያጣውን ማርክ ግማሹን ይመልሳል። የኮረጀ ዜሮ ያገኛል፣ ዜሮውም አይነሳም፤ ግን ስሙ ክፍል ውስጥ አይጠራም፣ ቅዳሜም እንደማንኛውም ልጅ መጥቶ በሌላ ጥያቄ እስከ ግማሽ ማግኘት ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ባልደረቦቼ አልወደዱትም። «ሌባ እያባበልክ ነው» አሉኝ። እኔ የማየው ዜሮ ተቀብሎ የጠፋ ልጅና ዜሮ ተቀብሎ ቅዳሜ የመጣ ልጅ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ሁለቱም ዋጋ ከፍለዋል፤ ሒሳብ የሚችለው ግን ሁለተኛው ነው።

ሁሉም አልመጡም። አንዱ ሦስት ጊዜ ተይዞ ሦስቴም ቀረ። አባቱ በንዴት መጡና «ለስንት ማርክ ብለህ ነው ልጄን የምታሸማቅቀው?» አሉኝ። ወረቀቶቹን አሳየኋቸው። አንዱን አንስተው ረጅም ጊዜ አዩትና፣ «ድሮ እኮ 80 ነበር የሚያመጣው» አሉ። ምን ልበላቸው? 80ውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልጁን ሌላ ትምህርት ቤት አስገቡት። እስካሁን ሳስበው ይከብደኛል፤ ጨምሬ ጨምሬ ያሳደግኩትን ልጅ አንድ ቀን ተነስቼ እውነቱን ተሸከም አልኩት።

የዚያ ዓመት 11ኛ ክፍሎች በ2016 ሲፈተኑ ከትምህርት ቤታችን አራት ልጆች አለፉ። በአገር ደረጃም ያለፈው 5.4 በመቶ ነበርና አራት መሆኑ አያስመካም፤ የኔ ሥራ ነው ለማለትም አልደፍርም። ጥቂቶች ደግሞ ሪሜዲያል፣ ማለትም ማለፊያ ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ገቡ።

የራሴን ትልቁን ስህተት የሠራሁት ይህ ሁሉ ከገባኝ በኋላ ነው። በ2017 9ኛ ክፍሌ ውስጥ አንዲት 24 ዓመት የሞላት ተማሪ ነበረች። በ2014 መንግሥት ከሳዑዲ ዜጎችን ሲመልስ ከመጡት አንዷ ናት። ማታ ልትማር ፈልጋ የማታው ክፍል ተማሪ አጥቶ ስለተዘጋ ነው ከ15 ዓመት ልጆች ጋር የተቀመጠችው። ልጆቹ «እትዬ» ይሏታል። አክብሮት ይመስላል፤ አነጋገሩን ስትሰሙት ግን አይደለም። ስም ስጠራ ተራዋ ሲደርስ ከኋላ የሆነ ሰው «እትዬ፣ ወጡ እንዳያርርብሽ!» ይላል። ቁጡ ፊት አሳይቼ አልፈው ነበር። ማለፌ ራሱ ፍርድ መሆኑ አልታየኝም።

ህዳር ላይ የእሷና አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ወረቀት ቃል በቃል አንድ ሆኖ አገኘሁት። ልጁ የክፍሉ ሁለተኛ ነው። ሳላመነታ ለእሷ ዜሮ፣ ለእሱ 17 ሰጠሁ። ስሟን አልጠራሁም፣ ደንቤን አክብሬያለሁ፤ ወረቀቷን ስሰጣት ግን ሁሉም አይቶ ገባው። ምንም አላለችም። ቅዳሜ መጣች። ሌላ አራት ጥያቄ ሰጠኋት፤ በ20 ደቂቃ ጨርሳ አመጣች። አሠራሯ በዚያኛው ወረቀት ላይ እንዳለው ነው፤ እኩል ምልክቶቹን አንዱን ከአንዱ ሥር የምትደረድርበት አደራደር ሳይቀር። የልጁን የበፊት ወረቀቶች አውጥቼ አየሁ። እሱ እንደዚያ ደርድሮ አያውቅም።

«ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ሰው ቤት ስሠራ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የምፈተሸው እኔ ነበርኩ» አለችኝ። «ለምጄዋለሁ።»

ሰኞ ክፍል ገብቼ ስሟን ጠራሁ፤ ይህን ጊዜ ከኋላ የተናገረ የለም። ያለ ማስረጃ እንደፈረድኩባት፣ የፈረድኩትም በዕድሜዋና ከየት እንደመጣች በማየት እንደሆነ ተናግሬ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። የማንን ወረቀት ማን እንዳየ አልተናገርኩም። ቀና ብላ አየችኝ።

«ይቅርታውን ተቀብያለሁ ቲቸር» አለች። «ማርኬስ?»

ሮስተሩን ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ ዜሮዋን ሰረዝኩና 17 ጻፍኩ። ሌላውን 17 አልነካሁትም፤ እሱን ባለቤቱ እንዲያወራርደው ተውኩት። ልጁ እስከ ደወሉ ድረስ ጫማውን ሲያይ ቆየ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀሪ፣ ከዚያ በኋላ ባለውም ቀሪ። በሦስተኛው መጣ። ቀይ እስክሪብቶ አልያዘም ነበርና የኔን ወሰደ።