የሚኒባስ ሞተር ለጀልባ፦ ስድስት የሚሊ ሜትር አሥረኛ ያደረገችኝ

ሚኒባሴ ተገልብጦ ቦዲው ሲጨማደድ ሞተሩ ምንም አልሆነም። ቶዮታ ስሪ ኤል፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ። ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ልስጠው ብል አንጀቴ እምቢ አለ። ግቢዬ ውስጥ ደግሞ በላሜራ የጀመርኳት የ7 ሜትር ጀልባ ቆማለች። ባሕር ዳር የሚኖር ሰው እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን እያየ ስንት ቀን ይችላል?

የጎደለው እግሩ ነበር። ስሙ ስተርንድራይቭ ነው፤ እኔ ግን እግር እለዋለሁ። ሞተሩ ጀልባዋ ውስጥ ይቀመጣል፣ እግሩ ከኋላ ውጭ ተንጠልጥሎ ፕሮፔለሩን ያዞራል፣ መሪውም እሱ ነው። ወደ ላይም ይነሳል። እምቦጭ ለወረረው ሐይቅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሲጠመጠምበት አንስቶ በእጅ ማጽዳት ይቻላል። ስዊድን፣ ጎተንበርግ ያለው የአክስቴ ልጅ አሮጌ ቮልቮ ፔንታ 280 ፈልጎ ላከልኝ።

የወረቀቱን ጣጣ ልዝለለው ብዬ ነበር፤ ግን አንዱን ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ለጀልባዋ ፈቃድ ስሄድ መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ «የሞተሩ ሊብሬስ?» አለኝ። የመኪናውን አሳየሁት። «ይሄ እኮ መኪና ነው» አለ። መኪናው የለም፣ ተገልብጧል አልኩት። «ሊብሬው ላይ አለ» አለኝ፣ ፊቱ ሳይፈታ። ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። ሞተሩ ከየትኛው መኪና እንደወጣ የሚገልጽ ደብዳቤ ቀድማችሁ አጽፉ። አያስፈልግም ቢሏችሁም አጽፉ።

ሞተሩን መሠረቱ ላይ ማስቀመጥ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ራዲያተሩን አውጥቼ በሐይቁ ውሃ የሚበርድ ማቀዝቀዣ ገጠምኩለት። የሐይቁን ውሃ በቀጥታ ሞተሩ ውስጥ እንዳታስገቡ፤ በክረምት ጭቃ ነው። በማርሚታው ፋንታም ጭሱ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ እንዲወጣ አደረግኩ።

አሁን ወደ ጉዱ። የቮልቮው እግር ከቶዮታ ሞተር ጋር አይተዋወቅም። ካምቢዮው የነበረበት ቦታ ላይ የቮልቮውን ቤት፣ ማለትም ፍላይዊሉን (ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) የሚሸፍነውን አካል መግጠም አለብህ፣ በመሃላቸው ደግሞ ፍላንጅ፣ ማለትም ሁለቱን የሚያገናኝ ባለቀዳዳ ወፍራም ብረት ይገባል። እኔ ያሠራሁት ከ20 ሚሊ ሜትር ብረት ነው። ልኩን የወሰድኩት በካርቶን ነው። የሞተሩን ጀርባ ግራሶ ቀባሁ፣ ካርቶን ለጠፍኩበት፣ የቀዳዳዎቹ ቅርጽ ታተመ። ኮርቼበት ነበር፤ ፎቶም አንስቻለሁ።

ቶርኖ ቤት ያለው ልጅ ካርቶኑን አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ መሃሉን በምን ልያዘው?» አለኝ። «በቡሎኖቹ ቀዳዳ» አልኩት። ዝም አለ። ያ ዝምታ ይኸው እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። የ10 ሚሊ ሜትር ቡሎን 11 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ማዕከል የሚይዙት ሞተሩ ጀርባ ላይ ያሉት ሁለቱ ፒኖች ናቸው። እኔ ደግሞ «ለመግጠም ያስቸግራሉ» ብዬ ሁለቱንም ነቅዬ ጥያለሁ።

ገና ከመጀመሪያው ቀን ከ2,000 ዙር በላይ ስትሄድ እንደ ወፍጮ ቤት ትንቀጠቀጥ ነበር። የሞተር ጎሚኒ ነው ብዬ አራቱንም ቀየርኩ። ፕሮፔለሩ ነው ብዬ አስሞረድኩ። አንድ እሁድ ወንድሜንና ልጆቹን ይዤ ዘጌን እንዳለፍን ጓ! አለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ቆማለች። አንድ ሽማግሌ በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ መጡ።

«ልጄ፣ ነዳጅ አለቀብህ?»

«ኧረ አላለቀም አባቴ፣ ሙሉ ነው።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

የምመልሰው አጣሁ። እሳቸው እየቀዘፉ ሄዱ፤ እኛ ሌላ ጀልባ መጥቶ እስኪጎትተን ሦስት ሰዓት ጸሐይ ላይ ተቀመጥን።

ስፈታው ፍላይዊሉ ላይ ያለው የጎማ ማያያዣ ተበጣጥሷል፣ ወደ እግሩ የሚገባው ዘንግ ጥርሶቹ ተላጭተዋል። ዘንጉን እንደገና ከስዊድን ማስመጣት ነበረብኝ። የከፈልኩትን ለባለቤቴ እስካሁን በትክክል አልነገርኳትም።

መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። ዲያል ጌጁን (ጥቃቅን መዛባት በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ) ፍላይዊሉ ላይ አስረህ ጫፉን የቮልቮው ቤት መሃል ቀዳዳ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ታሳርፋለህ። ካንዴሌታዎቹን ከፈታህ ሞተሩ በእጅ ይዞራል። አንድ ሙሉ ዙር አዙረህ መርፌዋን ታያለህ። የእኔ 1.2 ሚሊ ሜትር አነበበች። ልብ በሉ፣ መዛባቱ የንባቡ ግማሽ ነው፤ ማዕከሉ የሸሸው በ0.6 ነበር። ሽማግሌው የጠየቁኝ ጉድለት እሱ ነው። ቡሎኖቹን ላላ አድርጌ በፕላስቲክ መዶሻ እየነካካሁ ንባቡን ከ0.1 በታች አወረድኩት። ከዚያ አጥብቄ፣ እዚያው ላይ እንዳለ አዲስ የፒን ቀዳዳ አስበሳሁ። መንቀጥቀጡ ያን ዕለት ጠፋ። አራቱ ጎሚኒዎች በከንቱ ተቀየሩ።

ፕሮፔለሩን በካታሎግ ሰንጠረዥ አትምረጡ። ሰንጠረዡ የተሠራው ለባሕር ወለል ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ አየሩ ስስ ነው፣ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ይደክማል። የእኔ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ተረግጦም ከ3,000 ዙር አላልፍ እያለ ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር። ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት፣ ያነሰ ፕሮፔለር ስገጥምለት 3,700 ደረሰ። እግሩን ከዝገት የሚጠብቀውንም ብረት ዚንክ አትግዙ፤ ዚንክ ለጨው ውሃ ነው፣ ለጣና ማግኒዥየም ነው የሚሆነው።

ብዙ ሰው ከኋላ የሚንጠለጠል ሙሉ ሞተር ገዝተህ ብትገላገል ኖሮ ይለኛል። ሒሳቡን ካሰብነው ልክ ናቸው። ግን ያ ሞተር ስምንት ዓመት ልጆቼን ያሳደገ ነው።

ባለፈው ሳምንት የቶርኖ ቤቱ ልጅ ደወለልኝ። አንድ ሰው የኢሱዙ ሞተር ከእግር ጋር ሊያጋጥም ፍላንጅ አዝዞታል።

«ፒኖቹስ?» አልኩት።

«በካርቶን ነው ለክቶ ያመጣው፣ ጋሼ።»

ዲያል ጌጄን ይዤ ወጣሁ።