ጆን ካዛልና አምስቱ ፊልሞቹ

ስለ አሜሪካዊው ተዋናይ ጆን ካዛል ሲነሳ ሰዎች አስቀድመው የሚጠቅሱት ቁጥር ነው፤ በሕይወቱ የተወነባቸው ረጃጅም ፊልሞች አምስት ብቻ ሲሆኑ፣ አምስቱም ለኦስካር የምርጥ ፊልም ሽልማት ታጭተው ሦስቱ አሸንፈዋል። እርሱ ራሱ ግን አንድም ጊዜ ለኦስካር አለመታጨቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እ.ኤ.አ. በ1935 በማሳቹሴትስ ግዛት የተወለደው ካዛል፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ የነዳጅ ኩባንያ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ ከተዋናዩ አል ፓቺኖ ጋር ተዋወቀ፤ በ1968ም ሁለቱ አብረው በተጫወቱት የእስራኤል ሆሮቪትዝ ተውኔት ከብሮድዌይ ውጭ ለሚቀርቡ የኒው ዮርክ ተውኔቶች የሚሰጠውን የኦቢ ሽልማት አገኙ።

የካዛል ችሎታ ደካማ ሰው ሆኖ ሲጫወት ይጎላል። በ«ዘ ጎድፋዘር» ካዛል የሚጫወተው ፍሬዶ አባቱ በጥይት ሲመታ ሽጉጡን በቅጡ መያዝ አቅቶት ከእጁ ይጥለዋል፤ ከዚያም የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ትዕይንቱን አሳፋሪ ያደርገው ነበር፤ በእርሱ ግን ያሳዝናል። «ዶግ ዴይ አፍተርኑን» በተሰኘው ፊልም ደግሞ ካዛል የሚጫወተው የባንክ ዘራፊ ሳል ወደ የትኛው አገር መሸሽ እንደሚፈልግ ሲጠየቅ፣ ፊቱን ሳይለውጥ «ዋዮሚንግ» ብሎ ይመልሳል። ዋዮሚንግ እዚያው አሜሪካ ያለ ግዛት ነው! ቃሉንም ያመጣው ራሱ ካዛል ነበር።

በ1976 ከተዋናይት ሜሪል ስትሪፕ ጋር በሼክስፒር ተውኔት ተጫውቶ ፍቅር ያዛቸው። የመጨረሻ ፊልሙን የሠራው በሳንባ ካንሰር ታምሞ ሳለ ነው፤ መጋቢት 1978 በ42 ዓመቱ ሲያርፍም ፊልሙ ገና ለእይታ አልበቃም ነበር።