ነፍስ ያወቁ ልጆችን ማን ይወስዳል?

በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ሲያስቀር ብዙው ሰው እፎይ አለ፤ እኔም ከውሳኔው ጋር ጠብ የለኝም። ሆኖም በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በአያትና በካራ መካከል፣ ወደ ውጭ የሚሄዱ ልጆች ጉዳያቸው እስኪያልቅ በሚቆዩበት አንድ ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ስለ ነበር፣ ዜናውን ስሰማ ቀድመው ወደ ሐሳቤ የመጡት ነፍስ ያወቁት ልጆች ናቸው። ጨቅላ ሕፃን ፈላጊ አያጣም። ስምንት፣ ዐሥር፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ግን በሩ ክፍት በነበረበት ዘመንም ተራው ቶሎ አይደርስም ነበር፤ በሩ ከተዘጋ በኋላም እዚሁ አገር ያለው ቤተሰብ ወደ እሱ ዘወር ብሎ አላየም። ለምን እንዳላየ የማስበውን ልጻፍ ብዬ ነው የተነሣሁት።

ያን ጊዜ ለማያስታውሱ ትንሽ ልበል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ የኢትዮጵያ ልጆች ሄደዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ዓመት ውስጥ 2,500 ያህል ልጆች ተወስደዋል። በዚያ ሰሞን በቦሌ አካባቢ ባሉ የእንግዳ ማረፊያዎች ቁርስ ላይ ሕፃን ያልታቀፈ ነጭ ማየት ብርቅ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ ጉዳዩን የያዘው ሚኒስቴር በቀን እስከ ሃምሳ ይደርስ የነበረውን ፋይል ወደ አምስት ዝቅ አደረገው፤ ሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ጠቅላላው ሥራ ታገደ፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ ደግሞ ሕጉ ወጣ።

ከዚያ ሁሉ ፈላጊ አብዛኛው የሚጠይቀው ገና የማይሄድ ሕፃን ነበር። ወኪል ድርጅቶቹ ለብቻ የሚይዙት ሌላ ዝርዝር ነበራቸው፤ በዚያ ውስጥ ዕድሜያቸው ከፍ ያሉ፣ ሦስትና አራት ሆነው አብረው መሄድ ያለባቸው ወንድማማቾችና እኅትማማቾች፣ እንዲሁም የጤና ችግር ያለባቸው ልጆች ይገኙ ነበር። አሜሪካ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች እንዳይገቡ ይከለክል የነበረውን ደንብ እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ካነሣች በኋላ ቫይረሱ ያለባቸው ልጆችም ቤተሰብ ማግኘት ጀምረው ነበር፤ ለእነዚህ ልጆች የውጭ ጉዲፈቻ ከመድኃኒትና ከሐኪም ጋር የመጣ ዕድል እንደ ነበር መካድ አይቻልም። ይህን የምለው ስለዚያ ዘመን ሲወራ ነገሩ ሁሉ ንግድ ብቻ እንደ ነበር የሚናገሩ ሰዎች ስላሉ ነው። ንግድ ነበረበት። ሁሉም ግን ንግድ አልነበረም።

እኔ የማስተምራቸው ልጆች በጣም የሚወዱት ነገር ከወደፊት ቤተሰባቸው የሚላክላቸውን የፎቶ መድበል ነበር። ቤቱ፣ መኝታ ክፍሉ፣ በአልጋ ላይ የተጋደመ ውሻ (ውሻው ሁልጊዜ ሳቅ ያስነሣል)፣ ፈገግ ያሉ ሴትና ወንድ። መድበሉ የደረሰው ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ የክፍሉ ባለሥልጣን ይሆናል፤ ያልደረሰው ደግሞ የጓደኛውን ገጽ በገጽ ሸምድዶ የሰው ውሻ ስም ሳይቀር ያውቃል። ትልልቆቹ በእንግሊዝኛ እንዲነገራቸው የሚጠይቁኝ ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፉ ውስጥ አይገኝም ነበር። «እናቴን ስልክ መደወል እችላለሁ?» «ወንድሜም ይመጣል?» «መቼ ነው የምመለሰው?» ጨቅላው ይህን አይጠይቅም፤ ለዚህም ነው የነገሩን ሁሉ ስንጥቅ ከማንም በላይ ትልቁ ልጅ የሚያሳየው።

ስንጥቁ ከሕግ ይጀምራል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 183 ላይ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ብቻ የጉዲፈቻው ቤተሰብ እንደሚቀድም ይደነግጋል። በአሜሪካ ሕግ ግን የጉዲፈቻ ውሳኔ የወለዱትን ሰዎች በሕግ ፊት ባዕድ ያደርጋቸዋል። ከሐድያ፣ ከከምባታ፣ ከወላይታ ገጠር የመጣች አያት ችሎት ፊት ቆማ «ተስማምቻለሁ» ስትል በልቧ የነበረው ልጁ ተምሮ እንደሚመለስ፣ በየዓመቱ ደብዳቤና ፎቶ እንደሚልክ ነበር። በደንቡ መሠረት አሳዳጊዎቹ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየዓመቱ ሪፖርት መላክ ነበረባቸው፤ ሪፖርቱ የሚመጣው ግን ወደ መሥሪያ ቤት እንጂ ወደ አያቲቱ ጎጆ አልነበረም። ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ የአያቱን ተስፋ ይዞ ይሄድና እዚያ ሲደርስ ከዛሬ ጀምሮ ቤተሰብህ እኛ ብቻ ነን ይባላል።

ሌላው የዕድሜ ነገር ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ከገጠር የመጣ ልጅ ብዙውን ጊዜ የልደት ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረውም። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ማመልከቻው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው መግባት ስላለበት፣ ፈላጊም ትንሽ ልጅ ስለሚመርጥ፣ በወረቀት ላይ ያለው ዕድሜ ሁልጊዜ የሚጎተተው ወደ ታች ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ተብላ በክፍሌ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ታናናሾቿን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች መሆኗን፣ እንጀራ መጋገርም እንደምትችል በኩራት ነግራኛለች። እዚያ ሲደርሱ በሁለት ዓመት ውስጥ የጉርምስና ምልክት ሲታይባቸው አሳዳጊው ተታለልኩ ይላል፤ ልጁም ያልዋሸውን ውሸት ሲከፍል ይኖራል።

ይህ ጣጣ እስከ መቃብር የተከተላት ልጅም አለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ዋሽንግተን ግዛት የተወሰደች አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ በ2011 ግንቦት በአሳዳጊዎቿ ግቢ ውስጥ በብርድ ሞተች። ክሱ ሲታይ ዕድሜዋ ከ16 በታች መሆን አለመሆኑ የክሱን ዓይነት የሚወስን ስለ ነበር አስከሬኗ ከመቃብር ወጥቶ እስከ መመርመር ደረሰ፤ አሳዳጊዎቿ በ2013 ጥፋተኛ ተብለው በእስራት ተቀጡ። በምክር ቤቱ ውሳኔ ወቅት በየሻይ ቤቱ ስሟ ይነሣ ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላጋጠማቸው፣ ዛሬ ነርስና መሐንዲስ ሆነው ለመስቀል ወደ ሆሳዕና የሚመጡ ልጆች መኖራቸውም እውነት ነው።

በሌላ በኩል ባሕር ማዶም የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2024 ለውጭ ዜጎች ልጅ መስጠት ስታቆም ከልጅ ጋር ተዛምደው፣ ስም ተለዋውጠው፣ ለዓመታት በስልክ ሲያወሩ የነበሩ ቤተሰቦች በአንድ መግለጫ መንገዳቸው ተዘጋ። እነዚያ ልጆች በብዛት ዕድሜያቸው የገፋ ወይም ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ነበሩ። ዛሬም እንደ ኮሎምቢያና ቡልጋሪያ ባሉ አገሮች ወደ ውጭ ከሚሄዱት መካከል ብዙዎቹ ትልልቅ ልጆች፣ ወንድማማቾችና የጤና ችግር ያለባቸው ናቸው፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የሄግ ስምምነት ልጁ መጀመሪያ በገዛ አገሩ ቤተሰብ እንዲፈለግለት ያዛል፣ የአገሬው ሰው ደግሞ ሕፃናቱን ወስዶ ትልልቆቹን ይተዋል። የእኛ አገር ሰው ከሌላው የተለየ ክፉ አይደለም ማለቴ ነው።

የእኛ ምክንያት ግን የራሱ መልክ አለው፤ እሱም ምስጢር ነው። እኔ የምኖርበት የካ አባዶ የኮንዶሚኒየም መንደር ነው፤ ሰው ከቂርቆስም ከአራዳም ከልደታም ዕጣ ወጥቶለት ስለ መጣ በአንድ ብሎክ ውስጥ ማን መቼ እንዳረገዘ የሚያውቅ የለም። አንዳንድ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስቶች ሕፃን ሊወስዱ ሲያስቡ አስቀድመው ወደ እንዲህ ያለ አዲስ ሰፈር ይዛወራሉ። ሚስት ጥቂት ወራት ከሰው ትርቃለች፣ ከዚያ ገንፎ ይበላል፣ እልል ይባላል፣ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። አልፈርድባቸውም፤ መካንነት በእኛ አገር በሴት ላይ የሚያመጣውን መዘዝ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ጉዲፈቻ እንዲህ በድብቅ የሚፈጸም ከሆነ የሚፈለገው ልጅ የአባቱን ስም፣ የመንደሩን ወንዝ፣ የእናቱን ለቅሶ የማያስታውስ ብቻ ነው። ነፍስ ያወቀ ልጅ አይደበቅም። በመጀመሪያው ቀን ኳስ ሊጫወት ወርዶ ከየት እንደ መጣ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይነግራቸዋል።

የሚገርመው፣ የቀደመው ባህላችን ይህን ያህል መደበቅ አያውቅም ነበር። በኦሮሞ ዘንድ ጉዲፈቻ የሚፈጸመው በአባ ገዳዎችና በጎሣው ፊት፣ በምርቃት ነው፤ ልጁ ሙሉ የልጅነት መብትና ውርስ ያገኛል፣ አገሩም ሁሉ ያውቃል። በአማራው ዘንድ የነበረው የጡት ልጅነትም ጎልማሳን ሳይቀር የሚያዛምድ ሥርዓት ነበር። አሁን ያለው ሕግም ቢሆን ምስጢርን አይጠይቅም፤ ጉዲፈቻ አድራጊው 25 ዓመት የሞላው እንዲሆን፣ ውሉን ፍርድ ቤት እንዲያጸድቀው፣ ፍርድ ቤቱም ከማጽደቁ በፊት የልጁን ፍላጎትና አስተያየት እንዲያገናዝብ ይላል። የጸደቀ ውል በዘፈቀደ አይፈርስም፤ አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ካልያዘው ወይም በሌላ መንገድ ክፉኛ ካልጎዳው በቀር። (ከእኛ ሰፈር አስፋልቱን ተሻግሮ ያለው ለገጣፎ የሸገር ከተማ ስለ ሆነ ጉዳዩ የሚታየው በኦሮሚያ ፍርድ ቤትና በክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ሰዎች ይህን ሳያውቁ ልደታ ወዳለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ድረስ ይመላለሳሉ።)

በከተማችን የሕፃናት ማሳደጊያዎች ያለው አሠራርም የዕድሜን ነገር በግልጽ ያሳያል። በክበበ ፀሐይ ያሉ ትንንሾች ዕድሜያቸው ከፍ ሲል ሴቶቹ ወደ ቀጨኔ፣ ወንዶቹ ወደ ኮልፌ ይዛወራሉ፤ ልጆቹ ራሳቸው ከዚያ በኋላ ለመውሰድ የሚመጣ ሰው እንደሚቀንስ ያውቁታል። ያስተማርኳት አንዲት ልጅ እንግዳ ሲመጣ ታናሽ እኅቷን አጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ ራሷ ግን ጓሮ ትገባ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «እኔን ሲያዩ ትልቅ እኅት አላት ብለው ይተዋታል» አለችኝ።

በእኛ ብሎክ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ዘንድሮ ይህን ልማድ ሰብረዋል። የሚወስዱት ልጅ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አያቱ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ትኖራለች፣ ፈቃዷንም ሰጥታለች። በአደራ ቤተሰብነት መልክ ቅዳሜና እሑድ እየመጣ ቤቱን ለምዷል። ባልየውን «ጋሼ»፣ ሚስቱን «እትዬ» ይላቸዋል፤ እሷ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር፣ አሁን ግን ለምዳዋለች። እድሩ ጭምር ያውቃል፤ የእድሩን ጸሐፊ በአባላት ዝርዝር ላይ በልጅነት እንዲመዘግቡት የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሳይወጣ ጠይቀው «ወረቀቱ ሲመጣ» ተብለዋል። ጎረቤቶች የሚሉት ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚደጋገመው «አድጎ ወደ ዘመዶቹ ይሄድባችኋል» የሚለው ነው። ሚስትየዋ ደረጃ ላይ አግኝታኝ «እኛስ የወለድናቸው ሲያድጉ ከቤት አይሄዱም እንዴ?» ብላ ስቃ አለፈች።

ያልተስማሙበት አንድ ነገር የአባት ስም ነው። ባልየው ልጁ በእሱ ስም እንዲጠራ ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ፣ ሐኪም ቤት ሲሄድ ጥያቄ እንዳይበዛበት ነው ምክንያቱ። ልጁ ደግሞ የሟች አባቱን ስም መተው አይፈልግም፤ አያቱም እንዲተው አትፈልግም። እኔ ከልጁ ጋር ነኝ፤ ለባልየውም ነግሬዋለሁ። ትምህርት ቤት የሚነሣው ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት መልስ ያገኛል፤ ያ ስም ግን ከአባቱ የቀረለት ብቸኛ ነገር ነው። ፍርድ ቤቱ የክረምት ዕረፍት ላይ ስለ ሆነ ልጁ ቀርቦ ሐሳቡን የሚናገርበት ቀጠሮ ጥቅምት ላይ ወድቋል። ከዚያ በፊት መስቀል አለ። ልጁ ለመስማማት ያቀረበው አንዱ ጥያቄ በየዓመቱ ለመስቀል አያቱ ዘንድ መሄድ ስለ ነበር፣ ባልየው ዘንድሮ ራሱ ሊወስደው ፈቃድ ጠይቋል፤ የስሙንም ጉዳይ እዚያው ከአሮጊቷ ጋር ተቀምጦ ሊነጋገርበት አስቧል።